በአንድ ትንፋሽ

በጥር ወር፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ፣ ከማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። «እንዴት ዋልክ?» አለችኝ አንዲት ሴት። «ይቅርታ፣ አልለየሁዎትም፤ ማን ልበል?» አልኩ። ታላቅ እህቴ ነበረች፤ ከስቶክሆልም፣ በጎረቤቷ ስልክ።

ዕድሜ ልኬን የሰማሁትን ድምፅ እንዴት ሳልለየው ቀረሁ? በመስመሩ አሳበብኩ። «እትዬ፣ ምን ሆነሻል?» ስላት፣ «ምንም። ደክሞኝ ነው። እግሬ… እምቢ ብሎኛል። ያው… ተነሳብኝ መሰለኝ» አለች። አላሳላትም፣ አላስነጠሳትም። ትኩሳት እንዳላት ጠየቅኋት፤ የለኝም አለች፤ እውነቷን ነበር። በአራተኛው ቀን ሐኪሞች በቀኝ ሳንባዋ ግርጌ የሳንባ ምች አገኙባት።

ከዚያ ወዲህ «ተነሳብኝ» የምትለዋ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣችም።

በአማርኛ ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ጉንፋን ይይዛል። ምች ይመታል። አስም ግን ይነሳል። «ጉንፋን ያዘኝ» የሚል ሰው ከውጭ የመጣ እጅ እንደጨበጠው እየነገረን ነው። «ምች መታኝ» ሲልም መቺው ከደጅ ነው። «ተነሳብኝ» የሚለው ግን ከውጭ ማንንም አይከስም፤ ቤቱ ውስጥ ተኝቶ የከረመ፣ የገዛ ራሱ የሆነ ነገር ነው ብድግ ያለበት። እህቴ ያን ምሽት ከሦስቱ ግሦች አንዱን መረጠች። ከውጭ የያዛትን ነገር ከውስጥ እንደተነሳ አድርጋ ነገረችኝ። ሞኝነት አልነበረም። አሥር ዓመት አብሯት የኖረው በሽታ ልክ እንዲህ እንድትሳሳት የሚያደርግ በሽታ ነው።

መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ በአጭሩ ኤም ኤስ። ሰውነትን ከተዋህስያን እንዲጠብቅ የተሠራው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ በአንጎል፣ በኅብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ያሉትን የነርቭ ክሮች የሚያለብሰውን ማይሊን የተባለ ስባም ልባስ ያጠቃል። ልባሱ በተገፈፈበት ቦታ ጠባሳ ይቀራል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል በሟቾች አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ያገኛቸውን የደደሩ ጠባሳዎች በሕይወት ሳሉ ካየባቸው ምልክት ጋር አዛመደና በሽታውን ለየው። እስከዚያ ድረስ የኤም ኤስ መንቀጥቀጥ ከፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ጋር ይደባለቅ ነበር።

«ለየው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በቋንቋችን የምናውቀውን ሰው ዳግመኛ አይተን ስናውቀው «ለየሁህ» እንላለን፤ በግ ከፍየል ስናወጣም «ለየን» እንላለን። ማወቃችን መነጠል ነው። ፊትህን የማውቀው ፊትህን ስላየሁ ብቻ አይደለም፤ ከሌሎች ፊቶች ስለነጠልኩት ነው። ስለዚህም ነገሩ ብቻውን ቆሞ ከሆነ መለየት ቀላል ነው። አስቸጋሪው እንክርዳድ ነው፤ ከስንዴው መሀል በቅሎ፣ እስኪያሸት ድረስ ስንዴ መስሎ የሚቆመው።

ጉንፋን በኤም ኤስ ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ እንደዚያ ነው የሚበቅለው።

ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 አንድ እንግዳ ነገር ጻፈ። ከመረመራቸው 100 የኤም ኤስ ሕሙማን መካከል አራቱ ሰውነታቸውን ሲያደክሙ ዓይናቸው ይፈዝዝ ነበር፤ ሲያርፉ ይመለስላቸዋል። እርሱ ከድካሙ ነው ብሎ ነበር። ምክንያቱ ሙቀት መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ልባሱ የተገፈፈ ነርቭ መልእክት የሚያሳልፈው እንደምንም ተፍጨርጭሮ ነውና የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ እንኳ ከፍ ሲል ማሳለፉን ሊያቆም ይችላል። የኤም አር አይ ምርመራ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች የጠረጠሩትን ሰው ሙቅ ውኃ ገንዳ ውስጥ እያስገቡ ምልክቱ ይወጣ እንደሆነ ይመለከቱ ነበር።

ግማሽ ዲግሪ ማለት ጤነኛ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው፤ ቴርሞሜትርም «ትኩሳት» ብሎ አይጠራው ይሆናል። እህቴ ግን በግማሽ ዲግሪ ከወንበሯ መነሳት ያቅታታል። ከአምስት ዓመት በፊት የደነዘዘው ግራ እግሯ ተመልሶ ይደነዝዛል፤ ድሮ የፈዘዘው ዓይኗ ይፈዝዛል። አንዳንዴም ይህ የሚሆነው ንፍጡም ሳሉም ከመምጣታቸው ቀደም ብሎ ነው። ተዋህሱ ያለው ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ የሚጮኸው ግን እግር ነው።

ሐኪሞቹ ይህን «የውሸት ግርሻ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩታል፤ በሽታው በእውነት አላገረሸምና። ስሙን አልወደውም። እህቴ ደረጃ ላይ ስትወድቅ የወደቀችው በእውነት ነው። እኔ የገደል ማሚቶ ብለው ይሻለኛል። አንድ ሰው ከማዶ ሲጮኽ ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ገደሉ የሚመልሰው በራሱ ቅርጽ ነው። የእህቴ ጠባሳዎች ገደሎቿ ናቸው። ጉንፋንም ይጩኽባቸው፣ የሽንት ቱቦ ተዋህስም፣ የሐምሌ ሙቀትም (ስዊድን ሐምሌ በጋ ነው)፣ የሚመልሱት ያንኑ የድሮ ድምፅ ነው፦ ግራ እግር፣ ቀኝ ዓይን፣ ድካም። ማሚቶውን ብቻ ያዳመጠ ሰው ጯሂውን ገደሉ ውስጥ ሲፈልግ ይመሽበታል።

መለያ አልጠፋም። አዲስ ምልክት ወይም የከፋ ምልክት ከ24 ሰዓት በላይ ሲቆይ፣ ያውም ትኩሳትም ተዋህስም በሌለበት፣ ያኔ እውነተኛ ግርሻ ይባላል። ስለዚህ እግር ሲከብድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እግርሽ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ጉሮሮሽስ? ሽንትሽስ? ሳንባሽስ?» ነው። ድሮ የነበረ ምልክት ብቻውን ሲመለስ፣ ሙቀቱ ሲበርድም ሲለቅ፣ ማሚቶ መሆኑን ያስጠረጥራል። ታይቶ የማይታወቅ ምልክት ሲመጣና ሙቀቱ በርዶም ሲቆይ ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ጉንፋን እውነተኛውንም ግርሻ ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሪዞና የሠሩ ሐኪሞች 170 ሕሙማንን ለስምንት ዓመት ያህል ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ፦ ከቫይረስ ሕመሞች ወደ ዘጠኝ በመቶ የሚሆኑት ከግርሻ ጋር በጊዜ ተያይዘው ተገኙ፤ ከግርሻዎቹ ደግሞ 27 በመቶው ከቫይረስ ሕመም ጋር። አደገኛ ያሉት ጊዜ ሕመሙ ከመታየቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ጀምሮ እስከ አምስት ሳምንት በኋላ ይዘልቃል። እንግዲህ የያዘው የተነሳውን ይጠራዋል፤ የተነሳው የያዘውን ይሸፍነዋል። «የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ቢሆንም አንዳንዴ መልሱ «ሁለቱም፣ በተራ» ነው።

እህቴን ያጋጠማት ይህ ነው። በሁለተኛው ቀን ወደምትታከምበት ክፍል ደወለች። እግሯን ተናገረች፤ ስለሌላ አልተጠየቀችም፤ ግርሻ ነው ተባለና ለስቴሮይድ ቀጠሮ ተያዘላት። ግርሻ በተለምዶ የሚታከመው በቀን አንድ ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከሦስት እስከ አምስት ቀን በደም ሥር በመስጠት ነው። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ያደነዝዛል፤ ግርሻን የሚያበርደውም በዚሁ ነው። ሳንባው ውስጥ ተዋህስ ለተኛበት ሰው ግን ዘበኛውን አስተኝቶ በር መክፈት ይሆናል። ስለዚህ ከመስጠቱ በፊት ተዋህስ አለመኖሩን ማረጋገጥ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ክንዷ ተዘርግቶ፣ መርፌው ሊገባ ሲል አንዲት ዕድሜ የገፋች ነርስ የአድራሻ ለውጥ እንዳለ ጠየቀቻት። እህቴ የመንገዱን ስም ጀምራ መሀል ላይ ቆመች፤ ተነፈሰች፤ ቀጠለች። ነርሷ እጇን አነሳች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታወሪው?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ነው ደረቷ የተደመጠው፣ ራጅ የተነሳችው።

«ሐተታ» የሚለው ቃል በግእዝ መመርመር፣ መጠየቅ ነው። ስለዚያች ነርስ ሳስብ ይህ ትርጉሙ ይመጣብኛል። የጠየቀችው ጥያቄ «ታመሻል ወይ?» አይደለም። «ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ ወይ?» ነው።

እስቲ ሳል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ምልክት እርሱ ነውና። አገራችን ሰው ወደ ሰው ግቢ ሲገባ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ሳልም የሳንባ «ቤቶች!» ይመስለኛል፤ እንግዳ መምጣቱን የሚያሰማ። ነገር ግን ለመሳል አቅም ያስፈልጋል። አየር በጥልቀት መሳብ፣ ጉሮሮን መዝጋት፣ ከዚያም በሆድና በጎድን ጡንቻ አየሩን በኃይል መፈንቀል። ኤም ኤስ ሲጠና ከመተንፈሻ ጡንቻዎች ቀድመው የሚደክሙት ብዙውን ጊዜ አየር የሚያስወጡት ናቸው። እነዚህ የደከሙበት ሰው አክታው እየተጠራቀመ ጉሮሮውን ሲጠርግ ብቻ ይውላል፤ ሳሉ እንደ ማቃሰት ይሆናል፤ ድምፁ ውኃ እንዳዘለ ይረጥባል። በላዩ ላይ የመዋጥ ችግር ካለ ሻይና ምራቅ በተሳሳተው መንገድ ይወርዳል። እህቴ ከገና በፊት ጀምሮ ሻይ ስትጠጣ ትን ይላት እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ትን ያለው ሰው ጀርባው መታ መታ ተደርጎ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ማን እንደ ምልክት ይቆጥረዋል? ይባስ ብሎም ጉሮሮው የደነዘዘበት ሰው ትን ሳይለው ነው ወደ ሳንባው የሚወርደው። ያኔ እንግዳው ሳይጣራ ገባ ማለት ነው፤ ባለቤቷም ግቢው ጸጥ ብሏል ብላ ትተኛለች።

ጤነኛ ሰው ባለመሳሉ ይጽናናል። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ግን የሳል መጥፋት መጽናኛ አይደለም።

ታዲያ በምን ይለያል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሱዛን ስሜልትዘር የተባለች አሜሪካዊት የነርስነት ምሁር ለኤም ኤስ ሕሙማን አራት ነገሮችን የያዘ የመተንፈስ አቅም መመዘኛ አዘጋጀች። አክታሽን ማውጣት ያስቸግርሻል? ሳልሽ ደክሟል? ይህን ሕመምተኛዋ ትመልሳለች። ሦስተኛውን መርማሪው ነው የሚያየው፤ «እስቲ ሳዪ» ብሎ የሳሏን ኃይል ይመዝናል። አራተኛው ከሁሉም ልቤን ነካው፦ አየር እስከ ጥግ ስቦ፣ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ እስከየት ድረስ መቁጠር ይቻላል?

ይህን ሳነብ የየኔታ ግቢ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን ፊደል የምንቆጥረው ዋርካ ሥር ነበር። (ፊደል ይቆጠራል እንጂ ይጠናል አንልም፤ ይህም ቋንቋው አስቀድሞ ያወቀው ነገር ይመስለኛል።) እኔና እህቴ በአንድ ትንፋሽ ስንት ቤት እንደምንዘልቅ እንወዳደር ነበር። ሀ፣ ሁ፣ ሂ… ለ፣ ሉ፣ ሊ… እኔ «ረ» ላይ ፊቴ ቀልቶ እቆማለሁ። እርሷ «ሸ»ን አልፋ የ«ቀ»ን ቤት ትጨርሳለች፤ ዘጠኝ ቤት፣ 63 ፊደል። የኔታ በጭራቸው ጫፍ መሬቱን መታ እያደረጉ ይከታተሏት ነበር።

ከሆስፒታል ስትወጣ ይህን ውድድር እንደገና ጀመርነው። በደህና ቀን አሁን የ«ረ»ን ቤት ትጨርሳለች፤ ስድስት ቤት፣ 42 ፊደል። ሐኪሟ ሰምቶ በርቺ አላት፤ የተመሰከረለት ምርመራ አይደለም፤ የሁለታችን ነው። ለሌላ ሰው 42 ምንም ማለት አይደለም። አንዱ በደህናው 20 ሊሆን ይችላል፤ ዘፋኝ የነበረ መቶ ያልፍ ይሆናል። ትርጉም የሚኖረው ትናንትና 42 የነበረችው ሴት ዛሬ «ሐ» ላይ ስትቆም ነው።

ትኩሳትም እንዲሁ ነው። እናታችን እጇን ግንባራችን ላይ አኑራ «አተኩሶሃል» ወይም «ደህና ነህ» የምትለው ዲግሪ ቆጥራ አልነበረም። ግንባራችንን በየቀኑ ታውቀው ነበርና ዛሬን ከትናንት ትለይ ነበር። ቴርሞሜትሩ ግን ሁላችንንም በአንድ መስመር ነው የሚዳኘን። የኤም ኤስ መድኃኒቶች ደግሞ ይህን መስመር ያናጉታል። ኢንተርፌሮን ቤታ የሚወጋ ሰው በተወጋበት ሌሊት ሊያተኩሰው፣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ጡንቻውን ሊቆረጥመው ይችላል፤ ልክ እንደ ኢንፍሉዌንዛ። ስቴሮይድ የወሰደ ሰው በተቃራኒው ተዋህስ እያለበት ሰውነቱ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። እህቴ በየስድስት ወሩ የምትወስደው ሪቱክሲማብ ቢ ሴል የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ያጠፋል። ስዊድን ውስጥ ለኤም ኤስ በሰፊው የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ እርሱና ወንድሙ ኦክሬሊዙማብ ግርሻን በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ የመተንፈሻ አካላት ተዋህስ ግን ያበዛሉ። ዓመታት ሲያልፉም በአንዳንዱ ሰው ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ያንሳል፤ ጉንፋን ይደጋገማል፣ ይጓተታል፣ ወደ ደረት ይወርዳል። እንግዲህ ትኩሳት ሳይኖር በሽታ፣ በሽታ ሳይኖር ትኩሳት። የእናቴ እጅ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ እጇ ግን አዲስ አበባ ነው።

ስለ ክትባት ብዙ አልልም፤ ሐሳቡ ግልጽ ነውና። ክትባት ግርሻ ያመጣል የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የአውሮፓ ጥናት 643 ሕሙማን ታይተው ክትባት የግርሻን አደጋ እንደማይጨምር ተገኝቷል። ሕያው ተዋህስ ያለባቸው ክትባቶች መከላከያን ከሚያደክሙ መድኃኒቶች ጋር አይሄዱም፤ የኢንፍሉዌንዛው መርፌና የሳንባ ምች ክትባቱ ግን እንዲህ ዓይነት አይደሉም። ቢ ሴል የሚያጠፋውን መድኃኒት ከመጀመር በፊት መከተብ ይሻላል፤ በኋላ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው መልስ ይደክማልና።

የኢትዮጵያ ልጆች ከሆንን ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ቲቢ መመርመር እዚህ በየጤና ጣቢያው የሚታወቅ ደንብ ነው። ስቶክሆልም ያለ ሐኪም የትውልድ አገሯን ጠይቆ ቲቢን ቢያስብ እህቴን አላስቀየማትም፤ በሳንባ ውስጥ ለዓመታት የተኛ ቲቢ መከላከያው ሲደክም ሊነቃ ይችላልና መጠየቁ ትክክል ነው። እርሱ ደግሞ በእውነት «ተነሳ» የሚባል ነው።

ሌላው የቆዳችን ነገር ነው። የሕክምና መጻሕፍት ኦክስጅን ያነሰው ሰው ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል ይላሉ። የማን ከንፈር? በጠይም ገጽ ላይ መታየት ያለበት የከንፈር ውስጥ፣ ምላስ፣ የጥፍር ሥር ነው። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ቆዳ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባነበበላቸው ሕሙማን ላይ በደም ሲረጋገጥ ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ በ3.6፣ ከጥቁሮቹ በ11.7 በመቶው ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ለእህቴ «ቁጥሩ ስንት አለ?» ብዬ አላበቃም። «በደቂቃ ስንት ጊዜ ትተነፍሻለሽ?» እላለሁ። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሌላ ሰው ሳይነግራት ቢቆጥርላት ይሻላል፤ ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣልና። በእረፍት ላይ ሳለች ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ነገር ከተምታታባት ወይም አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት ስልክ አይበቃም፤ ሆስፒታል ነው።

አንድ ሰው ከአእምሮዬ አይጠፋም። ባርቤልዮን በሚል የብዕር ስም የጻፈው እንግሊዛዊ ብሩስ ከሚንግስ ለንደን ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራ የእንስሳት ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 ለጦር ሠራዊት ሊመዘገብ ሲሄድ ሐኪሙ ለሠራዊቱ መርማሪ የሚሰጠው የታሸገ ደብዳቤ አስያዘው። መርማሪው ደብዳቤውን ሳያይ አሰናበተው። ከሚንግስ በመንገድ ላይ ፖስታውን ከፈተ፤ ኤም ኤስ እንዳለበት ያወቀው ከዚያ ነው። ሐኪሙ ያውቅ ነበር፤ ሚስቱም ሳታገባው ታውቅ ነበር። ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ1919 ታተመ፤ በዚያው ዓመት በ30 ዓመቱ ሞተ።

እኛ አገር ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ክፉ የምርመራ ውጤት ለባለቤቱ ሳይሆን ለቤተሰብ በጆሮ ይነገራል፤ ፍቅር ነው ብለንም እናምናለን። ግን ከሚንግስ ሰውነቱ ውስጥ የነበረውን ሌሎች አውቀው እርሱ ሳያውቅ ቀረ፤ በእህቴ ላይ የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የታሸገው ደብዳቤ በእርሷ ትንፋሽ ውስጥ ነበር፤ ለሐኪም ደወለች፣ ለእኔም ደወለች፤ ሁላችንም ፖስታውን ይዘን ሳንከፍት ቀረን። እኔ እንዲያውም ቀድሜ አግኝቼው ነበር። «አልለየሁዎትም» ብዬ ነበር። ያ ዐረፍተ ነገር ምርመራ ነበር፤ እንደ ስህተት ቆጥሬ ይቅርታ ጠየቅሁበት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እህቴ ግን አልደበቀችም። የተሰማትን ሁሉ ተናገረች። በሽታው ነው ራሱን ከእርሷ የደበቀው። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ የገዛ ለውጡን ማየት ይቸገራል፤ ትንፋሿ በአራት ቀን ቀስ እያለ ሲያጥር ለእርሷ ሁልጊዜ «የአሁኑ ትንፋሽ» ነበር። ለመለየት ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያስፈልጋል፤ ዛሬና ትናንት። ትናንትን የሚይዝላት ሌላ ሰው ከሌለ ዛሬ ብቻውን ቆሞ ምንም አይናገርም። ለዚህም ነው በደህና ቀን መደወል የጀመርኩት። በሕመም ቀን ብቻ የሚደውል ወንድም የሚያወዳድርበት ነገር የለውም።

አሁን በየእሑዱ፣ ሰላምታ ከመለዋወጣችን በፊት፣ ፊደል ትቆጥራለች። እኔ ደብተር ላይ ቤቱን እጽፋለሁ፦ «ረ»፣ «ረ»፣ «ሰ»፣ «ረ»። በኅዳር አንድ እሑድ «መ» ላይ ቆመች። እግሯ ደህና ነበር፤ አፍንጫዋም ደረቅ። «እትዬ፣ ድገሚው» አልኳት። ደገመች፤ «መ»። «ተነሳብኝ እንዴ?» አለች። «አይመስለኝም፤ የያዘሽ ነገር ያለ ይመስለኛል» አልኳት። በማግስቱ አስመረመረች፤ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ነበር፤ ገና አንድ ቀኑ።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቷ ሻይ ይዛ መጥታ ነበርና ስልኩ ተከፍቶ ሦስታችንም ሰማን። እህቴ አየር ሳበች። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ… ጎረቤቷ ስዊድናዊት ናት፤ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ግን እስከ «ረ» ድረስ ከወንበሯ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች። «ሰ» ላይ እህቴ ቆመች፤ «ሱ»ን ልትል አፏን ከፍታ። ከዚያም ሻይዋን በትንሹ፣ አገጯን ዝቅ አድርጋ፣ ፉት አለች።